ልጅቷን የጠየቃት የለም

«የዘጠኝ ዓመት ልጅ በአንድ በጋ እንዲህ አትመዘዝም። እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አለ።»

እቴናት ይህን የሰማችው ከቦኖው ግንብ ጀርባ ጎንበስ ብላ የጀሪካኗን ክዳን ስታጠብቅ ነው። ሁለት ሴቶች ነበሩ። ድምፃቸውን ታውቀዋለች፤ አንደኛዋ እንዲያውም ትናንት ማታ ሽንኩርት ያበደረቻት ጎረቤቷ ናት። ሌላይቱ «የማንን ልጅ ነው የምትይው?» ስትል፣ «የማጣሪያው የመርሻ ናታ! ሐረገወይን የምትባለዋ። የእናቷ ወንድም አይደል እንዴ አብሯቸው የሚኖረው? ጎረምሳ ነው፤ ሚስት የለው፤ ከልጅቷ አይለይ…» አለቻት። የቀረውን ባልዲ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ዋጠው። እቴናት ቀና አላለችም። ሴቶቹ ባልዲያቸውን ይዘው እስኪርቁ ድረስ የጠበቀውን ክዳን ደግማ ደጋግማ ስታጠብቅ ቆየች። ገና ማለዳ ነው፤ የአሰብ ፀሐይ ግን የጀሪካኑን እጀታ ማጋል ጀምራለች። ከባሕሩ በኩል የሚመጣው ነፋስ እንኳ ከምድጃ አፍ የወጣ ይመስላል። ጀሪካኑን አንስታ ስትሄድ መንገድ ላይ ያገኘቻቸውን ሁሉ እንደወትሮው ሰላም አለች። ሰላምታዋን የመለሱላትን ሰዎች ዓይን ግን ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ መረመረች። ማን ያውቃል? ማን ሰምቷል? ማን ነው ከኋላዋ ዞሮ የሚያየው?

ቤታቸው ካምቦ ሱዳን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ነው፤ ከሳንቃና ከላሜራ የተሠሩ ሁለት ክፍሎች፣ ከፊት ለፊታቸው በሰሌን የተጋረደች በረንዳ። በአንደኛው ክፍል እሷና መርሻ፣ በሌላው ሐረገወይን ይተኛሉ፤ ሙቀቱ ሲብስ ግን ሁሉም አልጋ አልጋውን አውጥቶ ግቢ ውስጥ ነው የሚያድረው። በረንዳዋ የወንድሟ የደስታው ናት። የገመድ አልጋው፣ ከሥሩ የእንጨት ሳጥኑ፣ ሚስማር ላይ የተሰቀለ የሥራ ቱታው፤ ያለው ይኸው ነው። ደስታው ከደሴ ከመጣ ዓመት ሊሞላው ነው። ከከተማው መውጫ አጠገብ ባለ ጋራዥ የካሚዮን ተሳቢ ይበይዳል። በዚያ ሰሞን ወደቡ የእርዳታ እህል በጫኑ መርከቦች ተጨናንቆ፣ መኪናው ሌት ተቀን እየጫነ ሲወጣ የማይሰበር ተሳቢ አልነበረምና፣ ሥራ ሞልቶለት ነበር። ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ለምሳ ይመጣል። መርሻ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ የጠዋት ፈረቃ ስለሆነ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይመለስም። ሐረገወይንም ትምህርት ቤት ናት። ቤቱ ባዶ ነበር። እቴናት ጀሪካኑን አስቀምጣ በባዶው ቤት መሐል ቆመች። የራሷን ቤት እንደ ሌባ በዓይኗ ፈተሸችው።

ያገኘችው ከልጅቷ አልጋ ኋላ፣ ግድግዳውና ሳጥኑ መሐል ባለችው ስንጥቅ ነው። የሐረገወይን የውስጥ ቀሚስ ነበረ፤ ታጥቦ፣ ተጨምቆ፣ እርጥብ እንደሆነ ተጠቅልሎ የተወሸቀ። የአሰብ ውሃ ጨው ስለሆነ ሳሙና አይቀበልም፤ ያጠበችው የሕፃን እጅ ደግሞ የደም እድፉን መሐል እንጂ ዳሩን አላስለቀቀውም። እቴናት ምን እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለጋትም። በመጀመሪያ ልጅቷ የወደቀች፣ የተቆረጠች መሰላት፤ ቀጥሎ ግን የቦኖው ድምፅ በጆሮዋ መጣ። እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አለ።

«ይሄ የማን ነው?»

የባሏ ታላቅ እህት ታየች ናት። በየጠዋቱ ከዓሣ ገበያ ስትመለስ ሳታንኳኳ ነው የምትገባው፤ የወንድሜ ቤት ቤቴ ነው ባይ ናት። ከዘንቢሏ የዓሣ ጅራት ብቅ ብሏል። እቴናት ልብሱን ከኋላዋ ልትደብቅ ሞከረች፤ ዘገየች።

«ያንቺ ነው በይኝ» አለች ታየች።

«የሐረግ ነው፣ እትዬ።»

ታየች ዘንቢሏን አስቀምጣ በሩን ዘጋች። ቤቱ ወዲያው እንደ ዳቦ መጋገሪያ ጋለ። አልጋው ላይ ተቀመጠችና ልብሱን ሳትነካው በዓይኗ ብቻ አየችው። «ሴት ልጅ ወንድ ሳይደርስባት ደም አታይም» አለች በለሆሳስ። «እናቴ የነገረችኝ ይህንን ነው። ለእናቴም እናቷ። እኔም በራሴ ያየሁት ነው። በዘጠኝ ዓመት! በኛ አገር በዘጠኝ ዓመት ልጅ አፈር ፈጭታ ነው የምትጫወተው።»

እቴናት የምትይዘው አጥታ ብዙ ነገር ተናገረች። የቆርቆሮው ወተት ይሆናል አለች፤ ከመርከብ የሚራገፈውና ገበያ ላይ በኩባያ የሚሸጠው የፈረንጅ ዱቄት ወተት፤ ምን እንደሚጨምሩበት ማን ያውቃል። ሙቀቱም ሊሆን ይችላል፤ አሰብ ላይ ቲማቲሙ እንኳ ሳይደርስ ይቀላ የለም? ያም ባይሆን ከማጣሪያው ጭስ ማውጫ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚንቦገቦገው እሳት፣ ሽታው። እየተናገረች ለራሷ ጆሮ እንኳ ውሸት ውሸት ሸተታት። ታየች እስክትጨርስ ታገሠቻት። «ወተቱን የኔም ልጆች ጠጥተውታል» አለች በመጨረሻ። «እሳቱም ለሁላችን ነው የሚነደው። እኔ ልናገር አልፈለግሁም ነበር፤ ከወንድሜ ትዳር መሐል ገባች እንዳልባል ብዬ። ያለፈው ሰኞ ደስታውን መድኃኒት ቤት አየሁት። ጥጥ ሲገዛ። ሲያየኝ ደንግጦ ወደ ኪሱ ከተተው። እጁ አልቆሰለ፣ እግሩ አልቆሰለ፤ ጥጥ ለወንድ ልጅ ምን ያደርግለታል?»

ሳጥኑን የከፈተችው እቴናት ራሷ ናት። ታየች በበረንዳው ሰሌን ቀዳዳ ውጪውን ስትጠብቅላት፣ እሷ ተንበርክካ የወንድሟን ልብስ አንድ በአንድ አወጣች። አባትና እናቷ ተከታትለው በሞቱ ጊዜ ከገጠር ወደ ደሴ አምጥታ፣ የሰው ቤት እንጀራ እየጋገረች ያሳደገችው ልጅ ነው። ሸሚዞቹን ሁሉ ታውቃቸዋለች፤ ሁለቱን እሷ ነች የገዛችለት። ከሸሚዞቹ ሥር በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ ጥጥ ነበር። ግማሹ ተወስዷል።

ከዚያ በኋላ ለዓመት ያህል ያለ ሐሳብ ስታያቸው የኖረቻቸው ነገሮች ሁሉ ተነስተው ይከሷት ጀመር። በሳምቡክ ጀልባ ከሚመጡት ነጋዴዎች ቴምር ገዝቶ የሚያመጣው ለማን ነበር? ዓርብ ዓርብ ልጅቷን ባሕር ዳር የሚወስዳት ለምንድን ነው? የተበጠሰ ጫማዋን ሰፍቶላታል። ባለፈው ሳምንት በረንዳው ላይ ሁለቱ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠው ሲንሾካሾኩ እሷ ከውስጥ ስትወጣ ድንገት ዝም ብለዋል። «ምን ትዶልታላችሁ?» ብላ ስቃባቸው ነበር። ሐረገወይን መሬት መሬት አይታለች። ደስታው ተነስቶ ሄዷል። ስቃባቸው ነበር!

«ዛሬውኑ ይውጣ» አለች ታየች፣ ዘንቢሏን እያነሳች። «ልጅቷን እናቴ ዘንድ እሰዳታለሁ። ትምህርቱ ይቅርባት። ወሬው ከቦኖ አልፎ ማጣሪያው ሳይደርስ።»

«ለመርሻ እኔ ነኝ የምነግረው» አለች እቴናት።

ታየች እሺም እንቢም አላለችም።

ደስታው ከቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ መጣ። እንደ ልማዱ ከበርሜሉ ውሃ ቀድቶ ራሱ ላይ አፈሰሰና፣ ፊቱን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ በረንዳው ላይ ተቀመጠ። የብየዳው ብርሃን ዓይኖቹን አቅልቷቸዋል። «ዛሬ እሳት ነው እትዬ፤ ብረቱ ያለ ብየዳ በፀሐይ ብቻ ሊቀልጥልን ነው» ብሎ ሊያጫውታት ሞከረ። ወጡን አቀረበችለት፤ እሷ ግን እንደ ሌላው ቀን አብራው አልቆረሰችም። ሁለተኛውን ጉርሻ ሲያነሳ ጥቅልሉን አምጥታ ከሳህኑ አጠገብ አኖረችው።

ደስታው ጥጡን አየ። ጉርሻውን መልሶ አስቀመጠ። ከዚያ እቴናት ያልጠበቀችው ነገር ሆነ፤ ትከሻው ቀለል ሲለው፣ ፊቱ ሲፈታ አየች።

«ነገረችሽ?» አለ። «ተመስገን።»

«ምን አደረግሃት?»

ጥያቄው ወዲያው አልገባውም። አፉ ላይ የነበረው ፈገግታ ሳይጠፋ ቆየ፤ መሄጃው እንደጠፋበት እንግዳ። ከዚያ ቀስ በቀስ ፊቱ ተለወጠ። መጀመሪያ ቀላ፣ በኋላ አመድ መሰለ።

«እኔን ነው እትዬ?»

«መልስልኝ! ምን አደረግሃት? ጥጡን ለምን ገዛህ? ምን ነበር የምትንሾካሾኩት?»

እቴናት ይህን ስትል የምታየው ሳህኑን ነበር፣ ፊቱን አላየችም። ደስታው ተነሳ። እጁን አልታጠበም። ሚስማሩ ላይ ወደ ተሰቀለው ቱታው እጁን ዘርግቶ፣ ሳያወርደው መለሰው። «እኔ በአፌ እንዳልነግርሽ ቃል አለብኝ፤ አልችልም» አለ። «እሷን ጠይቂያት።» ከዚያ ወጣ። በሩ ላይ ሐረገወይን ደብተሯን ታቅፋ ከትምህርት ቤት ስትገባ ተገናኙ። ራሷን ሳይዳስሳት አለፋት። ልጅቷ ዞር ብላ በዓይኗ ተከተለችው። ወደ እናቷ ስትመለስ ያየችው ጥጡን ነው። ማልቀስ ጀመረች፤ ያለ ድምፅ፣ ትልቅ ሰው እንደሚያለቅስ። እቴናትን ከሁሉ ያስፈራት ይህ ለቅሶ ነበር። ለጥርጣሬዋ ማኅተም መሰላት። ምንም ሳትጠይቃት ነጠላዋን ደርባ፣ የልጅቷን እጅ ይዛ ወጣች።

በዚያ ሰዓት አሰብ ትተኛለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ውሾች እንኳ ከቆሙ መኪናዎች ሥር ይገባሉ። ክሊኒኩ ውስጥ የነበሩት አንዲት የዓፋር እናት ከነልጇና ተረኛዋ ነርስ ሲስተር ዓለምዘውድ ብቻ ነበሩ። ሲስተር ዓለምዘውድ ፀጉሯ የሸበተ፣ ቁጡ የምትመስል ሴት ናት፤ እቴናትን ሐረገወይንን ያዋለደቻትም እሷ ነበረች። እቴናት በሩ ላይ እንደቆመች በጆሮዋ ነገረቻት። ስትጨርስ፣ «ሰው ነክቷት እንደሆነ እዩልኝ» አለች።

«ልጅቷን ጠየቃችኋት?» አለች ነርሷ።

«ምን ብዬ?»

ሲስተር ዓለምዘውድ ለአፍታ አተኩራ አየቻት። ከዚያ ሐረገወይንን ወደ ውስጥ አስገብታ፣ «አንቺ ውጪ ጠብቂ» ብላ በሩን ዘጋች። እቴናት አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ከበሩ ጀርባ የነርሷ ድምፅ ይሰማል፣ ይቋረጣል፣ ከዚያ የልጅቷ ቀጭን ድምፅ ይቀጥላል። ቃሉ አይለይም። ምን እያለቻት ይሆን? ለባዕድ የምትናገረውን ለእናቷ ለምን አልተናገረችም? አስፈራርቷት ይሆን? ነርሷስ ብትሆን፣ ሰምታ ለከተማው ብትበትነውስ? በግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የክትባት ሥዕል አየችው፤ ሥዕሉ ላይ ያለችው እናት ልጇን ታቅፋ ትስቃለች። ዓይኗን ከሥዕሉ ላይ አነሳች።

በሩ ሲከፈት ሐረገወይን ፊቷን ታጥባ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ነርሷ እጇን ልጅቷ ትከሻ ላይ አድርጋ፣ «ለእማዬ የነገርሽኝን ንገሪያት፤ አትቆጣሽም» አለቻት። ልጅቷ ጣቶቿን እያየች ነገረቻት። ከሁለት ወር በፊት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው የጀመራት። ከግንብ ላይ ዘላ ስለነበር ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር የተሰበረ መሰላት። በር ላይ ቆማ ስታለቅስ ጋሼ ደስታው ከጋራዥ ሲመለስ አገኛት። ለእሱ ነገረችው። እሱም «በሽታ አይደለም፤ የሴቶች ነገር ነው፤ ሂጂና ለእናትሽ ንገሪያት» አላት። እንቢ አለች። እንዳይናገርባትም በማርያም አስማለችው። ዛሬ ነገ ትነግሪያታለሽ እያለ ሲለምናት ነበር የሰነበተው። ጥጡንም ገዝቶ ሳጥኑ ውስጥ አኑሮ፣ ሳጥኑን ሳይቆልፍ ይተውላት ነበር።

«ለምን አልነገርሽኝም?» አለች እቴናት።

ሐረገወይን ዓይኗን አላነሳችም። «የእትዬ አበዛሽ ልጅ… እንደኔ የጀመራት ጊዜ… ለአክስቴ ስትነግሪያት ሰማሁሽ። ይቺ ብትባልግ ነው፣ የኔ ብትሆን ከቤቴ አባርራታለሁ አልሽ።»

ብላ ነበር። አበዛሽ የተባለችው ጎረቤታቸው ልጇን ወደ አገር ቤት የሰደደች ዕለት፣ ከታየች ጋር ጎመን እየቀነጠሱ፣ ለወሬ ማጣፈጫ ያህል ብላው ነበር። ሐረገወይን ያኔ ከግድግዳው ወዲያ ትምህርቷን እያጠናች ነበር።

«ማንም አልነካትም» አለች ሲስተር ዓለምዘውድ። «ደጋግሜ፣ በብዙ መንገድ ጠይቄያታለሁ። አንዳንዴ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ ለዚህ ነው ሁልጊዜ ብቻቸውን የማናግራቸው። የሷ ግን እንዲያ አይደለም። ዘጠኝ ዓመት ቀደም ስለሚል ሐኪሙ ደግሞ ይያት፤ አምጪያት። አትደንግጪ እንጂ። እኔ በአሥራ አምስት ዓመቴ ነው ያየሁት፣ እናቴ በአሥራ ሰባቷ። አሁን አሥራ አንድ፣ አሥር የሆናቸው ይመጡልኛል። ለምን ብትይኝ ሙሉውን አላውቀውም። አንዱ ሐኪም ምግቡ ነው ይላል፣ ሌላው ሌላ። እኔ የማየው ግን ይህን ነው፤ እኛ ውሃ ስንሸከም፣ በወባ ስንንቀጠቀጥ፣ ለሁለት ወር ጾም ቆሎ ቆርጥመን ያደግን ነን፤ ሰውነታችን ሥጋ እስኪይዝ ጊዜ ፈጀበት። እነዚህ ዓሣ አላቸው፣ ወተት አላቸው፣ ኩፍኙን ተከትበዋል። ሰውነት የበቃው ሲመስለው ዕድሜ አይጠይቅም። ጭንቅላቷ ግን ሕፃን ነው፤ እሱን አትርሺ። እናንተ ግን እዚህ ስትመጡ መጀመሪያ የምትጠይቁኝ ማን ነካት ብላችሁ ነው። ፈርተሽ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቃት የለም።»

አሥር ሰዓት ግድም ሲመለሱ እቴናት የልጅቷን እጅ እንደያዘች አልለቀቀችውም። ቶሎ ብላ ደስታውን ጋራዡ ድረስ ሄዳ ልታገኘው አሰበች። ምን እንደምትለው አላወቀችም፤ ግን እግሬ ላይ ውደቂ ቢላትም የምትወድቅ ይመስላታል። ልጅቷን ልታስገባ ወደ ቤት ብቅ ስትል መርሻ በረንዳው ላይ ነበር። የሥራ ጫማውን አላወለቀም። ታየች ጥግ ላይ ተቀምጣ ራሷን ታራግባለች።

«ጨርሼዋለሁ» አለ መርሻ።

«ምኑን?»

«እትዬ ታየች መኪና መውረጃው ላይ ጠብቃ ነገረችኝ። ጋራዥ ሄጄ አገኘሁት። ለቀበሌ አስረከብኩት።»

እቴናት ልጅቷን ወደ ውስጥ ገፋ አድርጋ በሩን ሳበች። «ምን ብለህ ነው ያስረከብከው?»

«ሌላ ምን እላለሁ? የሆነውን በአፌ ላወጣው ነው?» አለ። ጨካኝ ሰው አልነበረም፤ በዚያች ሰዓት የታመመ ሰው ይመስላል። «አላውቀውም አልኩ። ከደሴ መጥቶ የተጠጋኝ ሰው ነው፤ መሸኛ ደብዳቤ አላስገባም፣ ከማን ጋር እንደሚውል አላውቅም አልኩ። ነገ ለብሔራዊ ውትድርና የሚጭኗቸው ልጆች አሉ። ከእነሱ ጋር ይሄዳል። ስማችንም አይነሳ።»

እቴናት ቆማ የነርሷን ቃል ነገረችው፤ ጥጡን፣ መሐላውን፣ ልጅቷ ለምን እንደደበቀች። የራሷን ንግግር እንኳ አላስቀረችም። ታየች ማራገቢያዋን አቆመች። «ነርስ ምን ታውቃለች?» አለች። መርሻ ጫማውን ያይ ነበር። «አሁን ሄጄ ምን ልበል? ለቀበሌ ዋሽቼ ነበር ልበል?» አለ። «እኔንም ያስቀሩኛል እኮ። ምን ደብቀህ ነው ይሉኛል።» እውነቱን ነበር። በዚያ ዘመን ቃሉን የሚያጥፍ ሰው ከሌባ ይብሳል። እቴናት ይህንን ታውቃለች። ቢሆንም እንዲነሳ ጠበቀችው። አልተነሳም። ብቻዋን ሄደች።

ቀበሌው ግቢ ውስጥ ሴቶች የስኳር ተራ ይዘው ተቀምጠዋል። ከመጋዘኑ በር ላይ ጫኔ የሚባለው የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ያንጎላጃል፤ ከበሩ ጀርባ የወጣቶች ጉምጉምታ ይሰማል። ሊቀመንበሩ ተክለጻድቅ ከጠረጴዛው ኋላ ሸሚዙን እስከ ሆዱ ከፍቶ ተቀምጧል። አጠገቡ ያለው ቬንቲሌተር ይዞራል፣ ያቃስታል፣ ሙቀቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያዛውራል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዛሬ ያመጡት ደስታው ወንድሜ ነው» አለች። «የአባቴም የእናቴም ልጅ። በስህተት ነው።»

«ባልሽ አላውቀውም አለን። አንቺ ወንድሜ ነው ትያለሽ» አለ ተክለጻድቅ። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ትዋሻላችሁ ማለት ነው።»

«በቤት ቀለብ ተጣልተው ነው።»

«በቀለብ!» ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። «ሰው የሚስቱን ወንድም በቀለብ አላውቀውም አይልም። እኔ የማስበውን ልንገርሽ? ይህ ልጅ ያለ መሸኛ እዚህ የመጣበት ጉዳይ አለው። ባልሽ ደርሶበታል፣ ፈርቷል። መኪና ከሰሜንም ከደቡብም የሚገባበት ጋራዥ ነው የሚሠራው። ለማን መልእክት ያደርሳል? ይህ እንግዲህ የውትድርና ነገር አይደለም። ወደ ሌላ ቦታ ነው የማስተላልፈው።»

እቴናት ያ ሌላ ቦታ ምን እንደሆነ ጠንቅቃ ታውቃለች። እዚያ ገብቶ የወጣ የለም። ዞር ብላ በተከፈተው መስኮት ተራ የያዙትን ሴቶች አየች። ሁሉም ወሬያቸውን አቁመው ወደ እሷ ያዳምጣሉ። ሄዳ መስኮቱን ዘጋችው። ተክለጻድቅ ተቆጥቶ ሊናገር ሲል፣ ጠረጴዛው ድረስ ቀርባ በዝግታ ነገረችው። ልጄ የወር አበባ መጣባት አለችው። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እኛ ወንድ ነክቷት ነው ብለን ወንድሜን ጠረጠርነው። እኔ እህቱ ጠረጠርኩት። ባሌ አፍሮ ነው አላውቀውም ያለው። ነርሷ አይታታለች፤ ማንም አልነካትም። ሌላ ጉዳይ የለም።

ተክለጻድቅ ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሳ። ይስቅብኛል ብላ ነበር፤ ወይም አያምነኝም። እሱ ግን የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ይቆልፍ ጀመር፤ ድንገት ራቁቱን እንደሆነ የታወቀው ያህል። ሲናገር ድምፁ የሊቀመንበር አልነበረም።

«ነርሷ… ከምን የመጣ ነው አለች?»

«ምግቡ ሊሆን ይችላል አለች። ወተቱ፣ ዓሣው። ዘመኑ ነው አለች። የአሥርና የአሥራ አንድ ዓመት ልጆች ብዙ አሉ አለች።»

«ያለ ወንድ?»

«ያለ ወንድ።»

ተክለጻድቅ ቬንቲሌተሩን አጠፋው። «የኔዋ ልጅ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው» አለ። «የሚስቴ የአክስት ልጅ እኛ ቤት ነበር የሚኖረው፣ ተማሪ። ምለህ ተናገር አልኩት። ማለልኝ። አላመንኩትም። ባለፈው ዙር…» አልጨረሰውም። በመስኮቱ ስንጥቅ ወደ መጋዘኑ በኩል አየ። ባለፈው ዙር የተጫኑት ልጆች የት እንደደረሱ እቴናትም እሱም አያውቁም። ጉሮሮውን ጠረገና ጫኔን ጠራው። «ያንን በያጅ ልቀቀው። መሸኛውን በሳምንት ውስጥ እንዲያመጣ ንገረው» አለ፤ የሊቀመንበር ድምፁ ተመልሶለታል። እቴናት ልታመሰግነው ስትል እጁን አወናጭፎ አስወጣት።

ደስታው ከመጋዘኑ ሲወጣ አንድ ጫማው ጠፍቶ ነበር። ግንባሩ ላይ የተላጠ ነገር አለ። ስኳር የሚጠብቁት ሴቶች አዩት፣ ከዚያ እሷን አዩ። ግቢውን አልፈው ወደ ጨው ማምረቻው የሚወስደውን መንገድ ያዙ። ፀሐይ ወደ ተራራዎቹ አዘንብላለች። እቴናት ሐረግ ሁሉንም ነገረችኝ አለች። ይቅር በለኝ አለች። ይህንንም ሰምቶ ጥቂት ተራመደ።

«ባልሽ ባዕድ ነው፣ አልፈርድበትም» አለ። «አንቺ ግን ስትጠይቂኝ ሳህኑን ነበር የምታዪው። ፊቴን አላየሽም። ብታዪኝ ኖሮ ታውቂው ነበር።»

«እንግባ፤ ምሳህንም አልበላህ።»

«ጋራዥ አድራለሁ። በሰው እጅ ሳጥኔን ላኪልኝ።» መታጠፊያው ላይ ቆመ። «ሐረግ በኔ ምክንያት ነው የሄደው እንዳትል። እሷ ምንም አላጠፋችም በያት። አደራ።»

አንድ እግሩ በጫማ፣ ሌላው ባዶውን፣ በጋለው አሸዋ ላይ ትንሽ እያነከሰ ሄደ። አልዞረም።

ቤት ስትደርስ ታየች ሄዳለች። መርሻ ግቢው ውስጥ አልጋ ላይ ጋደም ብሎ ነበር፤ ስትገባ ቀና አለ፣ «ለቀቁት?» አለ። «ለቀቁት» አለችው። ሌላ አልጠየቃትም፤ እሷም አልነገረችውም። ውስጥ ገብታ በሩን ዘጋች፣ ኩራዙን አበራች። ከንጹሕ ነጠላዋ አንድ ቁራጭ ቀዳ፣ ሐረገወይንን አጠገቧ አስቀምጣ፣ እንዴት እንደሚታጠፍ፣ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ፀሐይ ላይ እንዴት እንደሚሰጣ አሳየቻት። አያሳፍርም አለቻት። ይህን ስትል የራሷ ፊት ይቃጠል ነበር። ልጅቷ በትንንሽ ጣቶቿ ጨርቁን እያጣጠፈች ሰማቻት። ጋሼ ደስታው የት እንዳለ ጠየቀቻት። «እኔ አስቀይሜው ነው የሄደው፤ አንቺ አይደለሽም» አለቻት እቴናት። ልጅቷ ይህንን ብዙ አሰበችበት።

«እማዬ፣ አንቺ ስንት ዓመትሽ ነበር? ሲመጣብሽ።»

ማንም ጠይቋት አያውቅም። እናቷም አልጠየቀቻትም። «አሥራ ስድስት ይሆነኛል» አለች።

«ፈርተሽ ነበር?»

«አልፈራሁም። ባል ቤት ነበርኩ። የባሌ እናት ነች የነገረችኝ።»

«አባዬ ቤት?»

«ሌላ ነው። ከአባትሽ በፊት፣ አገር ቤት። በኋላ ጠፍቼ ወደ ደሴ መጣሁ።»

ይህንን ስትል እጇ ጨርቁ ላይ ቆመ። ታየች ያለችው፣ የታየች እናት ያለችው፣ የእናቷ እናት ያለችው ትዝ አላት። ሴት ልጅ ወንድ ሳይደርስባት ደም አታይም። አልዋሹም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። አንዳቸውም ባል ቤት ሳይገቡ ደም አላዩም። ማንም ሳይነካት የደረሰች ልጅ በዘመናቸው ከየት አይተው ያውቃሉ?

«ስታገቢስ ስንት ዓመትሽ ነበር?» አለች ሐረገወይን።

ውጪ መርሻ ሳለ። እቴናት የኩራዙን ክር ዝቅ አደረገችና የልጇን ፊት ወደ እሷ አዙራ አየችው፤ ዙሪያውን ሁሉ፣ ጉንጩን፣ አዲስ የወጣውን የፊት ጥርስ።

«ያንቺን ያህል ነበርኩ» አለቻት።